«ፒንች» እና «ዳሽ» ተቀርጾባቸው የሚሸጡ ትንንሽ የመለኪያ ማንኪያዎች፦ አኃዛቸው ይታመናል፣ ስማቸው ግን ያሳስታል

ይህ ግምገማ የሚመለከተው በአንድ ቀለበት ላይ ተሰክተው የሚሸጡ አምስት ትንንሽ የማይዝግ ብረት ማንኪያዎችን ነው። ከትልቁ ወደ ትንሹ ሲደረደሩ በእጀታቸው ላይ «ታድ»፣ «ዳሽ»፣ «ፒንች»፣ «ስሚጅን» እና «ድሮፕ» የሚሉ፣ ሁሉም በጣም ትንሽ መጠንን የሚያመለክቱ የእንግሊዝኛ ቃላት ይነበባሉ («ፒንች» ቁንጥር፣ «ድሮፕ» ጠብታ ማለት ነው)፤ ከእያንዳንዱ ቃል ሥር ማንኪያው የአንድ የሻይ ማንኪያን ስንተኛ ክፍል እንደሚይዝ የሚገልጽ አኃዝ አለ፤ በማሸጊያው ውስጥም አጠቃቀማቸውን በእንግሊዝኛ የምታብራራ አንዲት ካርድ ትገኛለች። ተመሳሳይ ስብስብ በልዩ ልዩ የንግድ ስም ስለሚቀርብና ልዩነቱም ከእጀታው ቅርጽ እምብዛም ስለማያልፍ የአምራቹን ስም መጥቀስ አላስፈለገኝም። ፍርዴን ከወዲሁ ላስቀምጥ፦ ማንኪያዎቹ ለተወሰነ ሥራ በቀላሉ ምትክ የማይገኝላቸው ዕቃዎች ናቸው፤ የተሰጣቸው ስም ግን በእንግሊዝኛ የተጻፈ የምግብ አሠራር ለሚያነብ፣ ይልቁንም ራሱ በእንግሊዝኛ ለሚጽፍ ሰው፣ አሳሳች ነው።

የመጠናቸው ነገር ቀላል ነው። «ታድ» የሻይ ማንኪያን ሩብ ይይዛል፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው ከበላያቸው ያለውን በግማሽ እየቀነሱ ይወርዳሉ፤ በዚህም መሠረት «ዳሽ» 1/8፣ «ፒንች» 1/16፣ «ስሚጅን» 1/32፣ «ድሮፕ» ደግሞ 1/64 የሻይ ማንኪያ ነው። የአሜሪካው የሻይ ማንኪያ 4.93 ሚሊ ሊትር፣ የሜትሪኩ 5 ሚሊ ሊትር ቢሆንም በዚህ ደረጃ ልዩነታቸው ከቁም ነገር የሚቆጠር አይደለም፤ «ፒንች» በሁለቱም ስሌት ወደ 0.31 ሚሊ ሊትር፣ «ድሮፕ» ወደ 0.08 ሚሊ ሊትር ይመጣል። ደቃቅ የገበታ ጨው በአንድ የሻይ ማንኪያ 6 ግራም ገደማ ስለሚመዝን፣ በ«ፒንች» ማንኪያ ተሞልቶ አፉ የተጠረገ ጨው ከ0.4 ግራም ትንሽ ያንሳል።

በዕቃ ላይ የተጻፈ አኃዝ ሁልጊዜ በተግባር እንደማይገኝ የታወቀ ነውና ማንኪያዎቹን እርስ በርስ ማመሳከር ተገቢ ነው። ለዚህ ግን ውኃ አይመችም። በዚህን ያህል ትንሽ ጎድጓዳ ውስጥ የውኃው ገጽ ከከንፈሩ በላይ ጉብ ብሎ ስለሚቆም ማንኪያው የት ላይ ሲደርስ ሞላ እንደሚባል ዓይን አይለይም፤ በ«ድሮፕ» ማንኪያ ላይማ ጉብታው ከማንኪያው ይዘት ጋር የሚፎካከር ይመስላል። ደረቅና ደቃቅ ጨው ግን በቢላ ጀርባ ሲጠረግ ልክ በከንፈሩ ላይ ይቀራል። «ፒንች»ን አሥራ ስድስት ጊዜ እየሞሉና እየጠረጉ ወደ አንድ አስተማማኝ የሻይ ማንኪያ ቢገለብጡ፣ የሻይ ማንኪያው ሳይፈስና ሳይጎድል ሊሞላ ይገባል። በእጄ ያለው ስብስብ ይህን ፈተና በ«ታድ» እና በ«ዳሽ» ያለ እንከን አለፈ። «ፒንች» በመጨረሻው ላይ ጨውን ከከንፈሩ ጥቂት ከፍ ስላደረገው ከተጻፈበት በመጠኑ እንደሚበልጥ ያሳያል፤ ሁለቱ ታናናሾች ግን ጨው በጎድጓዳቸው ጥግ እየተጣበቀ ስለሚቀር እርግጠኛ የሆነ መልስ አይሰጡም። ለምግብ ሥራ ይህ ስሕተት የሚጎዳ አይደለም፤ አምስቱም በጣት ከሚደረግ ግምት እጅግ የተሻሉ ናቸው።

ጥሩ ዲጂታል ሚዛን ያለው ሰው እንዲህ ያለ ማንኪያ ምን ያደርግልኛል ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። መልሱ ያለው በሚዛኑ አቅም ላይ ነው። አብዛኛው የኩሽና ሚዛን የሚቆጥረው በአንድ አንድ ግራም ስለሆነ፣ ግማሽ ግራም ሲጨመርበት አንዳንዴ ምንም እንዳልተጨመረ ዝም ይላል፣ አንዳንዴ ደግሞ በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ይዘላል። ሌሊቱን ሙሉ ቀስ ብሎ እንዲቦካ የሚተው ትንሽ ሊጥ ግን የሚፈልገው ደረቅ እርሾ ከሩብ ግራም የማይበልጥበት ጊዜ አለ። ፈጣን የሚባለው ደረቅ እርሾ በሻይ ማንኪያ 3 ግራም ያህል ስለሚመዝን «ፒንች» ማንኪያ 0.2 ግራም ገደማ ይሰጣል፤ ይህን መጠን በጣት ቆንጥሮ በየጊዜው እኩል ማውጣት ደግሞ ለሠለጠነ እጅም ከባድ ነው። እርሾው በእጥፍ ከበዛ ሊጡ ሌሊት ላይ ተነሥቶ ጨርሶ ጠዋት ሲደረስበት መሐሉ ሰርጉዶ፣ ሽታውም ወደ አልኮል አድልቶ ይገኛል።

ሌላው ጥቅማቸው የሚታየው አንድን አሠራር ለመቀነስ ሲፈለግ ነው። ለስምንት ሰው የተጻፈውን ለሁለት ሰው የሚያዘጋጅ አብሳይ ዱቄቱንና ዘይቱን በሚዛን ሊያካፍል ይችላል፤ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳን ለአራት ማካፈል ግን ሌላ ነገር ነው። በዚህ ስብስብ ውጤቱ ልክ አንድ «ፒንች» ይሆናል። ቤኪንግ ሶዳ ትንሽ ሲበዛ ኬኩ ሳሙና ሳሙና ይላል፣ ቀለሙም ይጠቁራል፤ ዛንታን ገም የተባለው ማወፈሪያ ሲበዛ ሾርባውን ያዝለገልገዋል፤ የተፈጨ ቅርንፉድ ደግሞ ጥቂቱ እንኳ የሌላውን ሁሉ ሽታ ይሸፍናል። ማንኪያዎቹ ዋጋቸውን የሚያስመሰክሩት እንዲህ ባሉ፣ ጥቂቱ ብዙ ለውጥ በሚያመጣባቸው ነገሮች ላይ ነው። አንድ ግራምን ለመቶ ከፍሎ የሚያነብ የኪስ ሚዛን ከእነርሱ የበለጠ ትክክለኛ መሆኑ አይካድም፤ ሆኖም ነፋስና የእጅ ንዝረት የሚረብሸውን ሚዛን አውጥቶ ከማስተካከል ይልቅ ማንኪያ አንሥቶ መጥረግ ይቀላል።

ስለ አሠራራቸው ብዙ የሚባል ነገር የለም። ብረቱ ወፍራም ነው፣ አይጎብጥም፤ ጽሑፉ የታተመ ሳይሆን የተቀረጸ ስለሆነ በመታጠብ አይለቅም፤ ፊደሉ ግን በጥልቀት ስላልተቀረጸ በደብዛዛ ብርሃን «ፒንች»ን ከ«ስሚጅን» ለመለየት እጀታውን ወደ ዓይን ማስጠጋት ያስፈልጋል። ጎድጓዳዎቹ ክብ ናቸው፤ ትንንሾቹ በማንኛውም የቅመማ ቅመም ብልቃጥ አፍ ይገባሉ፣ «ታድ» ግን አፈ ጠባብ በሆነው ላይ ይነካካል። ከሁሉ የሚያስቸግረው ቀለበቱ ነው። አንዱ ማንኪያ እርሾ ሲጨልፍ አራቱ ተንጠልጥለው ዱቄቱ ውስጥ ይነከራሉ፤ አንዱን ለማጠብም አምስቱን ማጠብ ግድ ይሆናል። ቀለበቱ የሚከፈት ዓይነት ከሆነ በመጀመሪያው ቀን አውጥቶ ማስቀመጥ ይሻላል።

ወደ ስሞቹ ስንመጣ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። በ1896 እ.ኤ.አ. የቦስተኗ የምግብ ሥራ መምህርት ፋኒ ፋርመር ኩባያና ማንኪያ አፋቸው ተስተካክሎ መለካት እንዳለባቸው በመጽሐፏ አጥብቃ ካስተማረች ወዲህ፣ በአሜሪካ የምግብ አሠራር ጽሑፍ ውስጥ ልኬት የሚሻው ነገር ሁሉ በተስተካከለ ማንኪያና ኩባያ መጻፉ እየተለመደ መጣ። «ፒንች» እና «ዳሽ» የመሰሉት ቃላት ግን ከዚህ ሥርዓት ውጭ ቆዩ፤ የቆዩበትም ምክንያት ጸሐፊው በእነርሱ ሲጠቀም ለአንባቢው የሚያስተላልፈው መልእክት «እዚህ ላይ መለካት አያስፈልግም፣ እጅህንና ምላስህን ተከተል» የሚል ስለሆነ ነው። አምራቹ ያደረገው ይህን መልእክት ገልብጦ «አትለካ» የሚለውን ቃል በመለኪያ ላይ መቅረጽ ነው። መደበኛ ደረጃ የሚያወጣ ማንኛውም ተቋም ለእነዚህ ቃላት በሁሉም ዘንድ የሚሠራ ልክ አላቆመላቸውም፤ በእጀታው ላይ ያለው ክፍልፋይ የዕቃ አምራቾች ልማድ ብቻ ነው።

ልማዱ ከቃላቱ እውነተኛ አጠቃቀም ጋር ምን ያህል እንደሚራራቅ ለማየት «ድሮፕ»ን ማየት ይበቃል። ከጠብታ ማውጫ የሚወርድ የውኃ ጠብታ በተለምዶ ሃያው አንድ ሚሊ ሊትር እንደሚሞላ ይቆጠራል፤ ይህም ለአንዱ 0.05 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ማንኪያው ግን 0.08 ስለሚይዝ አንድ «ድሮፕ» አንድ ጠብታ ተኩል ይሆናል። እንግሊዝኛው አሠራር ሦስት ጠብታ የምግብ ቀለም ቢል፣ ሰው የሚያደርገው ጠርሙሱን ዘቅዝቆ ሦስት ጊዜ ማንጠባጠብ እንጂ በማንኪያ መጨለፍ አይደለም፤ ቢጨልፍም ቀለሙ ከታሰበው ይደምቅበታል። «ዳሽ»ም በመሠረቱ ጠርሙስን አንድ ጊዜ ነቅነቅ አድርጎ የሚወጣው ፈሳሽ ነው፤ መጠጥ ቀማሚዎች ከ0.9 ሚሊ ሊትር ትንሽ ከፍ አድርገው ሲቆጥሩት፣ ማንኪያው የሚሰጠው 0.62 ብቻ ነው። «ፒንች» ደግሞ በሁለት ጣት ሲቆነጠርና በሦስት ጣት ሲቆነጠር እጥፍ ያህል ሊለያይ ይችላል፤ ጨዉ ሻካራ ከሆነ ጣት ብዙ ቢያነሣም ክብደቱ ይቀንሳል፤ ምክንያቱም ፍላጭ ያለው ሻካራ ጨው በአንድ የሻይ ማንኪያ ከደቃቁ ግማሽ ያህል ብቻ የሚመዝን አለ።

ካርዷ የበለጠ ታሳዝናለች። አምስቱንም ቃላት እንደ ግራምና ሊትር በቁጥር እያስቀደመች «ዋን ታድ ኦፍ ሶልት» (አንድ ታድ ጨው)፣ «ስሪ ስሚጅንስ ኦፍ ፔፐር» (ሦስት ስሚጅን ቁንዶ በርበሬ)፣ «ሃፍ ኤ ፒንች» (ግማሽ ፒንች) ትላለች። አፉን በእንግሊዝኛ የፈታ አብሳይ እንዲህ አይናገርም። «ታድ» አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ቅጽል ፊት ነው፤ ሾርባው ትንሽ ጨው ሲበዛበት «ኤ ታድ ሶልቲ» ይባላል፣ ትንሽ ይጨመርበት ለማለትም «ኤ ታድ ሞር» ይበቃል። «ስሚጅን» የንግግር ቃል ነው፤ ቅቤ ሲያቀርቡለት «ጀስት ኤ ስሚጅን» የሚል ሰው ትንሽ ብቻ እንዲሰጡት በወዳጅነት ቃና መጠየቁ እንጂ ልክ መናገሩ አይደለም፤ በአሠራር ጽሑፍ ውስጥ ቢገባ ጸሐፊው እየቀለደ ወይም እየተጫወተ እንደሆነ ይሰማል። «ሃፍ ኤ ፒንች»ማ ሆን ተብሎ የተነገረ ቀልድ ካልሆነ ትርጉም አይሰጥም። «ፒንች» እና «ዳሽ» ሁለቱ ብቻ በአሠራር ጽሑፍ ውስጥ በደንብ ይቀመጣሉ፤ እነርሱም ቢሆኑ ቁጥር ሳይሆን «ኤ» ሲቀድማቸው ነው ተፈጥሯዊ የሚሆኑት። «ኤ ፒንች ኦፍ ሶልት» ሲባል ደረቅና ደቃቅ የሆነ ነገር፣ «ኤ ዳሽ ኦፍ ቪኒገር» ሲባል በአብዛኛው ፈሳሽ ይታሰባል፤ አሜሪካውያን ግን ከመነስነሻ ብልቃጥ የሚራገፍ ቁንዶ በርበሬንም በ«ዳሽ» ይጠሩታል። ወይን ወይም ወተት ከ«ዳሽ» ከፍ ብሎ ሲፈስስ ደግሞ ቃሉ «ስፕላሽ» ይሆናል፤ ዘይት በቀጭኑ እየተዟዟረ ሲንቆረቆር «ድሪዝል»፣ ጠርሙሱ ድምፅ እያሰማ ሲገለበጥ «ግላግ»፣ እርጎን የመሰለ ወፍራም ነገር በማንኪያ ዘጭ ሲደረግ «ዶሎፕ» ይባላል። ቃሉን የሚወስነው መጠኑ ብቻ አይደለም፤ የነገሩ ውፍረትና እጅ የሚያደርገው እንቅስቃሴም ጭምር ነው። ስለዚህ ለዘይት «ኤ ዶሎፕ ኦፍ ኦይል» ወይም ለዱቄት «ኤ ድሪዝል ኦፍ ፍላወር» የሚል ጽሑፍ መጠኑ ትክክል ቢሆን እንኳ ጆሮን ይቆረቁራል።

የአገር ልዩነትም አለ። ቁራሽ ቅቤ በብሪታንያ «ኤ ናብ ኦፍ በተር» ሲባል፣ አሜሪካዊው «ኤ ፓት ኦፍ በተር» የሚለው አነስ ያለና ጠፍጣፋ ቁራጭ ነው። ማንኪያው ሲከመር ብሪታንያዊው «ሂፕት»፣ አሜሪካዊው «ሂፒንግ» ይለዋል፤ ከከንፈሩ ትንሽ ጎደል ሲል «ስካንት» የሚለው ቃል በአሜሪካ አሠራሮች ውስጥ ይበዛል። ሳይለኩ በዓይን መገመትን አሜሪካዊው «አይቦል ኢት» ብሎ በጨዋታ ይናገረዋል፣ ብሪታንያዊው ዘንድ «ባይ አይ» የተለመደ ነው። «ኤ ጉድ ፒንች» የሚለውን ካርዷ ጨርሶ አላነሣችውም፤ እዚህ ላይ «ጉድ» ጥራትን ሳይሆን ለጋስነትን ያመለክታልና በሦስት ጣት ሞላ አድርጎ መቆንጠር ማለት ነው። ይህን ሐረግ ያነበበ ጀማሪ «ፒንች» የተባለውን ማንኪያ ቢያነሣ የሚያገኘው ጸሐፊው ካሰበው ግማሽ ወይም ከዚያ ያነሰ ስለሚሆን፣ የድስቱ ምግብ አልጫ ሆኖበት አሠራሩን ይወቅሳል።

ካርዷን ያዘጋጀው ሰው ቦታውን በእነዚህ ከሚሞላው ይልቅ አንባቢን በእውነት ስለሚያስቱት ልኬቶች አንድ መስመር ቢጽፍ ይበጅ ነበር። የሾርባ ማንኪያ በአብዛኛው አገር 15 ሚሊ ሊትር ሲሆን በአውስትራሊያ 20 ነው፤ የአሜሪካ ኩባያ ወደ 237 ሚሊ ሊትር ሲይዝ የሜትሪኩ 250 ይይዛል። በአውስትራሊያ የተጻፈ አሠራር ላይ ያለውን ሦስት የሾርባ ማንኪያ በሌላ አገር ማንኪያ የለካ ሰው 15 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ ሙሉ የሾርባ ማንኪያ፣ ይጎድልበታል። በ«ስሚጅን» እና በ«ፒንች» መካከል ያለው ልዩነት ከዚህ አንጻር ከመጤፍ የሚቆጠር አይደለም።

በተግባር የሚሠራው መንገድ እንዲህ ነው። እንግሊዝኛው አሠራር «ኤ ፒንች» ካለና ነገሩ የድስት ጨው ወይም ቁንዶ በርበሬ ከሆነ ማንኪያዎቹን በመሳቢያ ትቶ በጣት መጨመር፣ ከዚያም መቅመስ ይገባል፤ በአሠራሩ መጨረሻ ላይ «ቱ ቴስት» (እንደ ጣዕምህ) የሚል ካለማ የጸሐፊው ፈቃድ በግልጽ ተሰጥቷል። ነገሩ የማይቀመስ ከሆነ፣ ለምሳሌ ሊጥ ውስጥ የሚገባ እርሾ ወይም ቤኪንግ ሶዳ፣ በዚያን ጊዜ 1/16 ወይም 1/8 የሚለውን አኃዝ መከተል ይሻላል። የራሱን አሠራር በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰውም ይህንኑ ልዩነት በቃላቱ ሊያሳይ ይገባዋል፦ መጠኑ የሚያሳስበው ከሆነ ክፍልፋዩን ወይም ግራሙን ይጻፍ፤ የማያሳስበው ከሆነ ብቻ «ኤ ፒንች» ይበል። አንዳንድ ጸሐፊዎች ሁለቱንም ለማስደሰት «ኤ ፒንች» ካሉ በኋላ አጠገቡ 1/16 የሻይ ማንኪያ ብለው ይጨምራሉ፤ ይህ ለእርሾ ጥሩ ነው፣ ለድስት ጨው ግን አንባቢው ምላሱን እንዳያምን ያደርገዋል።

እንግዲህ ስብስቡን ማን ይግዛው ቢባል፣ ዳቦና ኬክ አዘውትሮ የሚጋግር፣ በትንሽ መጠን የሚያዘጋጅ፣ ወይም ኃይለኛ ማወፈሪያዎችን የሚጠቀም ሰው ሳያመነታ ይግዛው። ሾርባና ጥብስ ብቻ የሚሠራ ሰው ግን ገንዘቡን ደህና ዲጂታል ሚዛን ላይ ቢያውለው ይሻለዋል። ከተለያዩ አምራቾች መካከል የሚመርጥ ካለ፣ ክፍልፋዩ ከቃሉ ገዝፎ የተቀረጸበትን፣ ጎድጓዳው ሰፋ ብሎ ጥግ የሌለውን፣ ቀለበቱም የሚከፈተውን ይፈልግ። በአንዳንድ ስብስቦች ላይ ቃሉ ብቻ ተጽፎ አኃዙ የለም፤ እንዲህ ያለውን መግዛት አያስፈልግም፣ አምራቾች «ዳሽ» ብለው የሚጠሩት መጠን ሁልጊዜ አንድ ስላልሆነ የተገዛው ነገር ምን እንደሚለካ የሚታወቅበት መንገድ አይኖርም። የእኔው ስብስብ ከአምስቱ ሦስቱ፣ 1/4፣ 1/8 እና 1/16፣ ከእርሾው ብልቃጥ አጠገብ ተቀምጠው ይሠራሉ፤ 1/32 አልፎ አልፎ ለቅርንፉድ ይወጣል፤ «ድሮፕ» ግን እስካሁን የሚስማማው ሥራ አልተገኘለትም።